ከኢንተርኔት አውርዶ ለደንበኛ መጫን በሕግ እንዴት ይታያል? ጉዳቱስ የት ላይ ነው?

አቶቴ ጽሕፈት ቤት፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሥራ የጀመርኩት በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ደንበኛው ሁሉ ፍላሹን ይዞ እየመጣ «ዘፈን ጫኚልኝ፣ ትርጉም ፊልም ጫኚልኝ» ሲለኝ እምቢ ማለት አቃተኝና፣ ከዚህም ከዚያም የወረደ ፊልምና ዘፈን በሃርድ ዲስክ ማጠራቀም ጀመርኩ። ዛሬ ከዕለት ገቢዬ ቀላል የማይባለው ክፍል የሚገኘው ከዚያ ነው።

በዚህ ወር ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አመጣ። የአማርኛ መጻሕፍትን ከቴሌግራም ቻናሎች በፒዲኤፍ እያወረድን፣ አትመንና ጠርዘን ለተማሪዎች በርካሽ እንሽጥ ይላል። «ፋይሉ በነፃ የተለቀቀ ስለሆነ የምናስከፍለው የወረቀቱንና የቀለሙን ብቻ ነው» ብሎ ይከራከረኛል። እኔን ግን ልቤ አልተቀበለውም፤ ለምን እንዳልተቀበለው ለወንድሜ የማስረዳበት ዕውቀት ግን የለኝም። አንድ ሰው ለራሱ ሲያወርድና እኔ ለደንበኛ ስጭን ሕጉ ልዩነት ያደርጋል ወይ? ከሕጉ ሌላስ የምፈራው ነገር አለ ወይ? የምታውቁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

ሕግ አዋቂ፦

እህቴ፣ ማተም ከመጀመርዎ በፊት መጠየቅዎ ብዙ ነገር ያድንልዎታል። በአገራችን ይህን ጉዳይ የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ስለተሻሻለ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሕጉ የሚያየው «አወረድኩ» ወይም «ከጓደኛ ተቀበልኩ» የሚለውን አነጋገር ሳይሆን ማባዛትን ነው። አንድ ፋይል ወደ ስልክዎ ወይም ወደ ሃርድ ዲስክዎ ሲገባ ቀድሞ ያልነበረ አዲስ ቅጂ ተፈጥሯል ማለት ነው። አንቀጽ 7 ደግሞ ሥራን የማባዛት፣ የመተርጎም፣ ቅጂውን በሽያጭ ወይም በኪራይ ለሕዝብ የማሰራጨት መብት የሥራው ባለቤት መሆኑን ይደነግጋል።

ለዚህ ሕግ አንቀጽ 9 አንድ በር ይከፍታል። አንድ የተፈጥሮ ሰው (ድርጅት ያልሆነ ግለሰብ) የታተመን ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ በነጠላ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። ሰዎች ይህችን ዓረፍተ ነገር ይዘው ሁሉም ነገር የተፈቀደ ይመስላቸዋል፤ አንቀጹ ግን ወዲያው በሩን መልሶ ያጠብበዋል። መጽሐፍን ሙሉውን ወይም አብዛኛውን ክፍል በፎቶ ኮፒ ማባዛት፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን መገልበጥ (በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው መጠባበቂያ ከሚያስቀምጥበት ሁኔታ በቀር)፣ እንዲሁም የሥራውን የተለመደ የገበያ ጥቅም የሚጋፋ ማናቸውም ማባዛት በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገቡም።

አሁን የእርስዎን ቤት በዚህ መለኪያ እንየው። ቅጂውን የሚሠራው ደንበኛው አይደለም፣ እርስዎ ነዎት። የሚሠራውም ለእርስዎ የግል ጥቅም ሳይሆን ለሌላ ሰው ነው፤ ነጠላ ሳይሆን በየቀኑ የሚደጋገም ነው፤ በገንዘብም ነው። ስለዚህ አንቀጽ 9 እርስዎን የሚሸፍንበት መንገድ አይታየኝም። የወንድምዎ ሐሳብ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ መጽሐፍ አትሞ መሸጥ የደራሲው መብት እምብርት ነውና። «ያስከፈልኩት የወረቀቱን ነው» የሚለው መከራከሪያም አያድንም፤ ያለ ፈቃድ የተባዛ ቅጂ በነፃ ቢታደልም ያለ ፈቃድ የተባዛ ነው።

ስለ ቅጣቱም ልንገርዎ፤ ብዙ ሰው ጉዳዩ በገንዘብ መቀጮ የሚያልቅ ይመስለዋል። በ1996ቱ አዋጅ አንቀጽ 36 መሠረት ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀው ነበር። ቅጣቱ እንደ ሁኔታው ዕቃውን መያዝና መውረስንም ይጨምራል። ይህን የማነሣው ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ሕግ አውጪው ነገሩን ምን ያህል ከብዶ እንዳየው እንዲታወቅ ነው።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ የማወርደው የውጭ ፊልም ብቻ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ስምምነት አባል ስላልሆነች የውጭ ሥራ እዚህ አገር አይጠበቅም ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ እውነት ከሆነ እኔ ምን አጠፋሁ?

ሕግ አዋቂ፦

ወንድሜ፣ የሰሙት ነገር መነሻ አለው። በ1886 እ.ኤ.አ. የተደረገውን ዓለም አቀፉን የቅጂ መብት ስምምነት፣ የበርን ስምምነት የሚባለውን፣ አገራችን ለረጅም ዘመን ሳትቀበል ቆይታለች። አዋጅ 410ም ጥበቃ የሚሰጠው በዋናነት ለኢትዮጵያውያንና መደበኛ ነዋሪነታቸው እዚህ ለሆነ ሰዎች ሥራ፣ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ለታተመ ወይም ሌላ አገር ታትሞ በ30 ቀን ውስጥ እዚህም ለወጣ ሥራ፣ እንዲሁም አገሪቱ በተቀበለችው ስምምነት ለሚጠበቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በዚህ ላይ ተመሥርቶ ልብን መጣል አይገባም። ትርጉም ፊልም የምንለውን ይውሰዱ። የውጭውን ፊልም በአማርኛ የተረጎመውና ድምፁን የሰጠው ሰው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ትርጉምም በሕጉ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «የውጭ ፊልም ነው» ብለው በፍላሽ ሲያስጭኑ የእኚህን የአገርዎን ሰው ድካም ጭምር እየወሰዱ ሊሆን ይችላል።

ከዚህም ሌላ ጥበቃው የሚለካው ሥራውን በሚጠቀሙበት አገር ሕግ ነው። ሐዋሳ ተቀምጠው የማያስጠይቅዎት ነገር ነገ ለትምህርት በሄዱበት አገር ያስጠይቅዎታል።

ጀርመን ያለሁ ሐዋሴ፦

የመጨረሻውን ነጥብ ከራሴ ሕይወት ላረጋግጠው። ወደዚህ በመጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ አገር ቤት የለመድኩትን የቶረንት ፕሮግራም ከፍቼ አንድ ፊልም አወረድኩ። ከሳምንታት በኋላ የአከራዬን ስም የያዘ የጠበቃ ደብዳቤ መጣ፤ የኢንተርኔቱ ውል በእሳቸው ስም ነበርና። በደብዳቤው ላይ የፊልሙ ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ እስከ ሴኮንዱ እና የመስመሩ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩን የሚለየው ቁጥር) ሰፍሮ ነበር። ክሱ ፊልሙን አወረድክ የሚል ሳይሆን አሰራጨህ የሚል መሆኑ ነው ያስደነገጠኝ። ቶረንት የሚሠራው ፋይሉን በትንንሽ ቁራጭ ከብዙ ሰው እየሰበሰበ ነው፤ እኔ ቁራጮቹን እየተቀበልኩ ሳለ ኮምፒውተሬ የደረሰውን ቁራጭ ለሌሎች እየላከ ነበር። በመካከሉ የገባ ማንኛውም ሰው ደግሞ የተሳታፊዎቹን አይፒ አድራሻ ማየት ይችላል። ገንዘቡን በየወሩ ከፍዬ ጨረስኩ፤ አከራዬን ግን ዛሬም ቀና ብዬ ለማየት አፍራለሁ።

ጥገና ፒያሳ፦

የሕጉን ነገር ለሚያውቁት እተዋለሁ። እኔ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በእጄ የደረሰውን ልንገራችሁ።

አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ላፕቶፗን አምጥታ፣ በዋጋው ውድ የሆነ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም እንድጭንላት ጠየቀችኝ። ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረውን፣ ከአንድ ድረ ገጽ አወረድኩ። አብሮት የመጣው መመሪያ «ከመጫንዎ በፊት አንቲቫይረስዎን ያጥፉ፤ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ ሐሰት ነው» ይላል። ያለማመንታት አጠፋሁት። ፕሮግራሙ ተከፈተ፣ ሠራም፤ እሷም አመስግና ልትሄድ ስትል ዴስክቶፑ ላይ ያሉት የዎርድ ፋይሎች ምልክታቸው አንድ በአንድ ወደ ነጭ ወረቀት መለወጥ ጀመረ። በእያንዳንዱ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ ትርጉም የሌላቸው አራት ፊደሎች ተጨመሩ። የትኛውንም አቃፊ ብንከፍት «ሪድሚ» የሚል አንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። ከፍቼ አነበብኩላት፤ ፋይሎችሽ ተቆልፈዋል፣ መክፈቻው 980 ዶላር ነው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ካገኘሽን ግማሹን 490 ዶላር እናደርግልሻለን ይላል።

ይህ «ስቶፕ» ወይም «ዲጄቩ» የሚባለው የቤዛ ቫይረስ ነው፤ በዋናነት የሚሰራጨውም በእንዲህ ያለ ክራክና ቁልፍ ማመንጫ ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ኤምሲሶፍት የተባለው ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ነፃ መፍቻ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ከአዲሶቹ የቫይረሱ ዝርያዎች የሚፈታው ቫይረሱ ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኝ በቋሚ ቁልፍ የቆለፈውን ነው። የእሷ ላፕቶፕ በወቅቱ ኢንተርኔት ላይ ስለነበረ የተቆለፈው ለእሱ ብቻ በተፈጠረ ቁልፍ ነው፤ ሊፈታ አልቻለም። ከመመረቂያ ጽሑፏ የተረፈው ለአማካሪዋ በኢሜይል የላከችው ሦስተኛው ምዕራፍ ብቻ ነበር። ሌላውን አማካሪዋ በቀይ እስክሪብቶ ካረሙት የታተመ ወረቀት ላይ፣ እኔ ቤት ተቀምጣ፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እንደገና ጻፈችው። ገንዘብ አልተቀበልኳትም፤ በእኔ እጅ የጠፋ ነገር ነውና እንዴት እቀበላለሁ? ከዚያች ዕለት ጀምሮ ክራክ የሚባል ነገር እኔ ቤት አይገባም።

አቶቴዎች፣ የእናንተ ቤት ከእኔም የበለጠ ተጋላጭ ነው። የሰው ሁሉ ፍላሽ እናንተ ጋ ይሰካል፣ ከእናንተም ወደየቤቱ ይሄዳል። ቢያንስ ዊንዶውስ የፋይል ዓይነትን የሚያሳየውን የስም ጭራ እንዳይደብቅ አድርጉት፤ ሲገዛ ጀምሮ የሚደብቅ ሆኖ ነው የሚመጣው። «ፊልም ነጥብ ኤምፒ4» የምትሉት ፋይል ጭራው ሲገለጥ «ነጥብ ኢኤክስኢ» ሆኖ ካገኛችሁት ፊልም አይደለም፤ ሲከፈት የሚሠራ ፕሮግራም ነው። መጠኑም ይናገራል። የሁለት ሰዓት ፊልም ሁለት ሜጋባይት ሊሆን አይችልም።

በስልክም ያው ነው። የሚከፈልበትን መተግበሪያ «የተከፈተ» እያሉ በቴሌግራም የሚበትኑት ኤፒኬ ፋይል (የአንድሮይድ መተግበሪያ መጫኛ) አጭር መልእክት የማንበብ ወይም የተደራሽነት አገልግሎት (ስክሪኑን የማየትና ስልኩን የማዘዝ) ፈቃድ ከጠየቃችሁ በፍጹም አትስጡ። የባንክና የቴሌብር ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በአጭር መልእክት መሆኑን አስቡት።

ዋናው ግቢ፦

ሁላችሁም እውነት ተናግራችኋል፤ ነገር ግን የተማሪውን ነገር ማን ይናገርለት? መምህራችን የሚያዘው መጽሐፍ ዋጋው በዶላር ነው። ገንዘቡን ባገኝ እንኳ በውጭ ድረ ገጽ የሚከፍል ካርድ የለኝም። በቤተ መጻሕፍት ያለው አንድ ቅጂ ነው፤ ክፍላችን ስልሳ ተማሪ ነው። ሰርቄ ሀብታም ልሆን ሳይሆን ፈተና ልፈተን ነው የማወርደው። ሕጉ ይህን የማያይ ከሆነ ለማን ነው የወጣው?

የመጽሐፍ ቤት ሠራተኛ፦

ዋናው ግቢ፣ ምሬትህ ትክክል ነው። በቤተ መጻሕፍት የምሠራ ሰው እንደመሆኔ በየቀኑ የማየው ነው፤ ለማንም «አውርድ» ብዬ ባልመክርም፣ በተማሪ ላይ ጣት ለመቀሰርም አልቸኩልም። የሚያሳዝነኝ ግን ተማሪዎቻችን በነፃና በሕጋዊ መንገድ የተከፈተውን በር ሳያዩ ማለፋቸው ነው።

ለድሃ አገሮች ተቋማት ተብሎ የተዘጋጀ «ሪሰርች ፎር ላይፍ» የሚባል ሥርዓት አለ። በሥሩ ያለው «ሂናሪ» የጤና፣ «አጎራ» የግብርና መጽሔቶችንና መጻሕፍትን ይዘዋል፤ የኢትዮጵያ ተቋማት ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት ወገን ናቸው። መግቢያው በተቋም ስም ስለሆነ የግቢህን ቤተ መጻሕፍት ጠይቅ። ለጀማሪ ኮርሶች ደግሞ በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው «ኦፕንስታክስ» የፊዚክስ፣ የባዮሎጂ፣ የኢኮኖሚክስና የሌሎችም መማሪያ መጻሕፍትን ሙሉ በሙሉ በነፃ እንዲወርዱ ያቀርባል። መምህርህ ያዘዘው መጽሐፍ ባይሆንም ምዕራፉ ብዙ ጊዜ ያው ነው። የጥናት ጽሑፍ ከሆነ የፈለግኸው ለጸሐፊው ራሱ ኢሜይል ጻፍ፤ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ።

እህታችን አቶቴም ይህን ልብ ይበሉት። ከእነዚህ ነፃ መጻሕፍት አንዳንዶቹ የደራሲው ስምና ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ አትሞ መሸጥን ጭምር የሚፈቅድ የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አላቸው። አንዳንዶቹ ግን፣ ለምሳሌ የካልኩለሱ መጽሐፍ፣ ለንግድ መጠቀምን ይከለክላሉ። ፈቃዱ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ከማተምዎ በፊት እያንዳንዱን ያንብቡ። ወንድምዎ የጓጓለት የማተምና የመጠረዝ ሥራ በዚህ መንገድ ያለ ፍርሃት ሊሠራ ይችላል።

አንድ ደራሲ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን ካነበብኩ ወዲያ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከጡረታ በኋላ የጻፍኳት አንዲት መጽሐፍ አለችኝ። የማተሚያ ቤቱን ወጪ የከፈልኩት ከልጆቼ ተበድሬ ነው። መጽሐፏ በወጣች በሦስተኛው ሳምንት አንድ ወዳጄ ስልኩን ከፍቶ በቴሌግራም ቻናል ላይ አሳየኝ። ገጾቿ በስልክ ካሜራ አንድ በአንድ ፎቶ የተነሡ ናቸው። በእያንዳንዱ ገጽ ግራ ጠርዝ ላይ መጽሐፉ እንዳይዘጋ የተጫነ የአንድ ሰው አውራ ጣት ይታያል፤ ጥፍሩ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለው። ያን ጣት ሌሊት ሌሊት ሳየው አደርኩ። ያ ሰው መጽሐፌን ገዝቷል፤ ቁጭ ብሎም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገልጧል። ምናልባት ወዷት ይሆናል። ክፉ ያደረገብኝ መስሎት እንዳልሆነም አምናለሁ።

በፎቶው ላይ አራት ገጾች ተዘልለዋል። ከዚያ በኋላ የማላውቃቸው አንባቢዎች እየደወሉ «ታሪኩ መካከል ላይ ይቋረጣል፣ ምነው?» ይሉኛል። መጽሐፏን ገዝተው ቢሆን እንዲህ አይሉኝም ነበር። ሁለተኛ ዕትም ለማውጣት አስቤ ነበር፤ አከፋፋዩ «በቴሌግራም ያለውን ማን ይገዛዋል?» ብሎ መለሰኝ። ወንድምሽ የሚያትማት መጽሐፍ የእኔ ልትሆን ትችላለች። ጉዳቱ የት ላይ ነው ብለሽ ስለጠየቅሽ ነው የነገርኩሽ።

አቶቴ ጽሕፈት ቤት፦

ጋሼ፣ የጻፉትን ለወንድሜ አነበብኩለት። ብዙ ሲከራከር የነበረው ልጅ ዝም አለ፤ ከዚያም «እኛም ጋ እኮ በፎቶ የተነሣ ፋይል አለ» አለኝ። የመጻሕፍቱን ፋይሎች በሙሉ ትናንት ማታ አብረን አጥፍተናል።

የፊልሙና የዘፈኑ ነገር ግን በአንድ ሌሊት የሚያልቅ አልሆነልኝም፤ የቤት ኪራይ የምከፍልበት ነውና እውነቱን መናገር ይሻለኛል። የአማርኛ ዘፈኖችንና ትርጉም ፊልሞችን መጫን ከዛሬ ጀምሮ አቁሜአለሁ። ዘፈን ለሚጠይቁኝም እንደ ሰዋሰው ያሉትን የአገር ውስጥ የሙዚቃ መተግበሪያዎች ስልካቸው ላይ አውርጄ አጠቃቀሙን ላሳያቸው አስቤአለሁ፤ ለዚህ አገልግሎት ትንሽ ባስከፍል ደንበኛ አይከፋም። የቀረውንም እስከ ወሩ መጨረሻ አቆማለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር ቀርቷል። በሠርግ ካርድና በማስታወቂያ ላይ የምጠቀምባቸው የአማርኛ ፊደል ቅርጾችም ያወረድኳቸው ናቸው፤ እነሱስ?

ጥገና ፒያሳ፦

የፊደል ቅርጽም በኮምፒውተር ሲጫን ፈቃድ ያለው ሶፍትዌር ነው፤ ብዙ ሰው የማያስበውን ነው ያነሡት። «አቢሲኒካ ኤስአይኤል» እና የጉግል «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» በክፍት የፊደል ፈቃድ የወጡ ስለሆኑ ካርድም፣ ባነርም፣ መጽሐፍም አትመው ሊሸጡባቸው ይችላሉ፤ የሚከለከለው የፊደሉን ፋይል ብቻውን መሸጥ ነው። ሁለቱንም ከባለቤቶቹ ድረ ገጽ ያውርዱ። ለጽሕፈት ሊብሬ ኦፊስ፣ ለካርድ ንድፍ ኢንክስኬፕ፣ ለፎቶ ጊምፕ ይበቃዎታል፤ ሦስቱም በነፃ የሚለቀቁ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት እመጣና እጭንልዎታለሁ፤ ለጉልበቴ አልጠይቅም።

አንድ ደራሲ፦

ልጄ፣ እኔም ለዘመድ ጥየቃ በሚቀጥለው ወር ሐዋሳ እመጣለሁ። በእጄ የቀሩ ሃያ ቅጂዎች አሉ። ቦታ ካለሽ አንቺ ዘንድ ላስቀምጣቸው፤ ከሚሸጠው የመጻሕፍት መደብር የሚወስደውን ያህል ድርሻ ያዢ።

ሕግ አዋቂ፦

የቅጂዎቹን ብዛት፣ የመሸጫ ዋጋውንና ድርሻውን የሚገልጽ አንድ ገጽ ውል በሁለት ኮፒ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። እርስዎ ጽሕፈት ቤት ስላለዎት ከባድ አይሆንም።

አቶቴ ጽሕፈት ቤት፦

ጋሼ፣ ቦታ አለ። መስኮቱ አጠገብ የሲዲ መደርደሪያ የነበረውን ባዶ አድርጌዋለሁ። ውሉንም ዛሬ ጽፌ አስቀምጣለሁ፤ ሲመጡ አንብበው የሚለወጥ ካለ ይነግሩኛል።